ሕፃኑ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ምን ይነዳል? ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በሳንባ ምች ታመው ሲመጡ በቤታቸው የሚነደው ነገር እንዲጠየቅና እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ በሙያዬ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ትንሹ ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ በሳንባ ምች ታሟል። በሦስቱም ጊዜ ወደ ሕክምና ወስጄዋለሁ፤ በሦስቱም ጊዜ ባለሙያዎቹ ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን ቆጥረዋል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነ አይተዋል፣ ክትባቱ መሟላቱን ከካርዱ ላይ አረጋግጠዋል፣ አሞክሲሲሊኑን እንዴት በጥብጬ እንደምሰጠው በትዕግሥት አስረድተውኛል። ለዚህ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በሦስቱም ጊዜ በምን እንደምናበስልና ልጁ የት እንደሚተኛ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ሳልነግራቸው ወጣሁ፤ የሚነገር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበርና። ልጄ ተሽሎት ወደ ቤት ስንመለስ የምመልሰው ወዳሳመመው ክፍል እንደነበረ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ይህ ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ወርዷ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቷ አራት ሜትር ቢሆን ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረ ኮርኒስ፣ አንድ በርና ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠች አንዲት መስኮት አላት። ወጡ የሚሠራው፣ ቡናው የሚፈላው፣ የልጁ ገላ መታጠቢያ ውኃ የሚሞቀው በከሰል ነው። በበጋ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን ፈርኔሎውን እናስገባለን፤ ዝናብ ሲሆን ግን እዚያው በሩ ሥር እናያይዘዋለን፣ ቶሎ እንዲቀጣጠልም የፌስታል ቁራጭ ወይም ጥቂት ላምባ እናደርግበታለን። ልጁ እንቅልፍ ከወሰደው ከእሳቱ ሁለት እርምጃ በማይርቅ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ካልተኛ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ወደ ድስቱ ባጎነበስኩ ቁጥር እሱም ከእኔ ጋር ወደ ጭሱ ያጎነብሳል።

መሀል ከተማ ተቀምጦ፣ መብራት ገብቶለት፣ ስለምን ከሰል ይነዳል የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በግቢያችን ሰባት አባወራዎች አሉ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ሂሳቡን የምንከፋፈለው በአምፖልና በቴሌቪዥን ቁጥር ስለሆነ ስቶቭ የሰካ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀያየማል፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በእኛ አሮጌ መስመር ላይ ሲጨመርማ የግቢው መብራት በሙሉ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት እኔ ወደ ግቢው ከመምጣቴ ከብዙ ዓመት በፊት ስቶቭም ምጣድም እንዳይሰካ ነዋሪዎቹ ተስማምተው ነበር። ከግለሰብ ተከራይተው በሚኖሩ ዘመዶቼም ዘንድ ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አከራይ ለአዲስ ተከራይ ቁልፍ ሲሰጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ስቶቭ ነው። ቤቶቹ ራሳቸው፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ቤተሰብ በተበራከተ ቁጥር በጣውላና በኮምፔንሳቶ እየተከፋፈሉ የመጡ ናቸው። በእኛ ግቢ የጋራ ማዕድ ቤት የነበረው ክፍል ዛሬ አራት ሰው ይኖርበታል። ማዕድ ቤቱ መኖሪያ ሲሆን መኖሪያዎቹ ሁሉ ማዕድ ቤት ሆኑ።

ይህን የምዘረዝረው የእናቶች ቸልተኝነት ነው የሚለው አስተያየት ትክክል ስላልሆነ ነው። ጭስ ክፉ መሆኑን የማታውቅ እናት በሰፈራችን የለችም፤ የሚያነባው የራሷ ዓይን ነው። ያልታወቀው፣ ለእኔም እስከ ሦስተኛው ሕመም ድረስ ያልታወቀኝ፣ ጭሱ ዓይን ከማስለቀስ አልፎ በሕፃን ሳንባ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው። ከጭሱ ክፉው ክፍል ለዓይን አይታይም፤ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነ፣ ከሰው ፀጉር ከሃያ እጥፍ በላይ የቀጠኑ ብናኞች ናቸው፤ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያግዳቸው እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይወርዳሉ። እዚያም ጀርም ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉሮችና ጀርም የሚውጡትን ሕዋሳት ያዳክማሉ። አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ ጨቅላ ሕፃን ሳይታመም ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረን ተቀምጠን ከሰውነቱ ክብደት አንጻር ከእኔ ይልቅ ብዙ ጭስ የሚስበው እሱ ነው። የአየር ቧንቧው ጠባብ በመሆኑ በእኔ ላይ ጉሮሮ ከመከርከር የማያልፍ እብጠት የእሱን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሳንባው ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ነው፤ አየር የሚለዋወጥባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ከተወለደ በኋላም ባሉት ዓመታት ቁጥራቸው እየጨመረ ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደነበሩ ገልጿል። ይኸው ድርጅት በጭስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ሊደርስ እንደሚቃረብ ይናገራል። በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የእነዚህ ብናኞች የ24 ሰዓት አማካይ መጠን ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። እንጨትና ከሰል በሚነድባቸው ጠባብ ቤቶች ውስጥ በማብሰያ ሰዓት የተገኙት ልኬቶች ግን በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት የኒሞኮካል ክትባት በመስጠቷ ብዙ ልጆች ከሞት ተርፈዋል፤ የእኔም ልጅ ተከትቧል። ክትባቱ አንድን ጀርም ይከላከላል እንጂ ክፍሉን ከጭስ አያጸዳም።

ከሰልን በተመለከተ ለብቻው መነገር ያለበት ነገር አለ። በሰፈራችን የተለመደው አባባል ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ በኋላ ችግር የለውም የሚል ነው። እውነቱ ግን አስጊው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው በመሆኑ ከፍሙ መውጣቱን ሰው አያውቅም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በጠነከረ ኃይል ይጣመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ብርዱ ከባድ ነው፤ ፍሙን ለሙቀት ብሎ አስገብቶ፣ በሩን ቀርቅሮ፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ ደፍኖ መተኛት ስንቱን ቤተሰብ በአንድ ሌሊት እንደወሰደ በየክረምቱ በዜና እንሰማለን። ስለዚህ ድንገተኛ ሞት ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። በአንድ ሌሊት ሳይገድል በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ እየጎዳ ስለሚሄደው ጭስ ግን በዚያው መጠን ሲነገር አልሰማሁም።

ለጭስ ያለን ስሜት ከጥንት የመጣ ስለሆነም ጉዳዩ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማችንን ካጠቃ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ ሲቃጠል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲታጠን ኖሯል፤ ጭስ በሽታ ያባርራል የሚለው እምነት ከሐዘን የተወለደ በመሆኑ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በአራስ ቤትም እንዲሁ ነው። ብርድና ምች እንዳይመታት ተብሎ የአራሷ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል። ትልቋን ልጄን ስወልድ እናቴ ይህንን ሁሉ ያደረገችልኝ ከፍቅር ነው፤ እኔም አሁን ለሌላ አራስ ባደርገው ከፍቅር ነው የማደርገው። ከተወለደ ሳምንት ያልሞላው ሕፃን ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የሕይወቱን ቀናት በጭስ ይተነፍሳል። ይህንን ለእናቶቻችን ለመንገር የሚቀርበው ሰው የሚያከብራቸው፣ ቡናቸውን ጠጥቶ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብሎ የሚያስረዳ መሆን አለበት። ቤት ለቤት የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ጡት ማጥባትንና ክትባትን ያስለመዱን እነሱ ናቸውና።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በሳል ወይም በትንፋሽ ማጠር ወደ ጤና ጣቢያ በመጣ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች እንዲጠየቁና መልሳቸው በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፤ ቤት ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው፣ እሳቱ ሲነድስ ሕፃኑ የት ነው የሚሆነው የሚሉ። ጥያቄው ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አባወራዎችን በምን እንደሚያበስሉ ጠይቋል፤ ለጥናት የተጠየቀው ለሕክምናም ሊጠየቅ ይችላል። መልሱ ከተመዘገበ ብዙ ነገር ያስከትላል። ባለሙያው ከመድኃኒቱ ጋር ምክር ይሰጣል፤ የሕፃኑ ቤት አድራሻ ለአካባቢው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይተላለፋል፤ ቢሮውም ከአንድ ዓመት በኋላ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኞቹ ግቢዎች ሕፃናት ደጋግመው እንደሚታመሙ በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። ያለዚህ ማስረጃ ከቤቶችና ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ጋር ስለ ቆጣሪና ስለ ማዕድ ቤት መነጋገር አስቸጋሪ ይመስለኛል።

ምክሩም በአንድ ክፍል የምትኖር እናት ልትፈጽመው የምትችለው ዓይነት መሆን አለበት። የተለየ ማዕድ ቤት ሥሩ ብሎ መምከር ለእኛ ትርጉም የለውም። ከሰሉን ሁልጊዜ ደጅ ማቀጣጠል፣ ፌስታልና ፕላስቲክ ጨርሶ አለመጠቀም፣ በሚበሰልበት ሰዓት ሕፃኑን አዝሎ ከመሥራት ይልቅ ለታላቅ ወንድም ወይም እህት ወይም ለጎረቤት ማስያዝ፣ በርና መስኮትን አንድ ላይ መክፈት፣ ባቄላና ሽምብራን አሳድሮ ዘፍዝፎ የእሳቱን ጊዜ ማሳጠር፣ ድስት መክደን፣ ማታ ፍሙን አውጥቶ መተኛት፤ እነዚህን ሁሉ እኔ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሆኜ ማድረግ ችያለሁ። ማንም ሰው ልጄ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜም አደርገው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቢሮው ብቻውን የሚፈጽመው አይደለም። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፤ በሰፈራችንም ታድሶ አይቻለሁ፤ ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ ግድግዳው ተመርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ ዝናብ የማያስገባ ቤት ሆኗል። ከታደሱት ቤቶች በአንዱ አሮጌው ቆርቆሮና ግድግዳ የተገናኙበት ክፍተት፣ ለብርድ መግቢያ ቢሆንም ለጭሱም መውጫ የነበረው፣ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። ቤቱ ሲያምር ጭሱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። የእድሳት ዝርዝሩ ሲወጣ ጤና ቢሮው ሐሳብ ቢሰጥና እሳት ከሚነድበት ቦታ በላይ አንድ የአየር መውጫ፣ ከበሩ ፊት ለፊትም የሚከፈት መስኮት እንዲኖር ቢደረግ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ቆርቆሮና ጥቂት እንጨት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር ተያይዞ ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ የቀድሞ ጎረቤቶቻችንም አሉ። ለብዙዎቹ የራሳቸው ቆጣሪና የራሳቸው ማዕድ ቤት ስላገኙ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከሰሉን አብረው ይዘው የሄዱ፣ በዝግ ኮሪደርና በመተላለፊያ ደረጃ ላይ የሚያነዱ፣ ጭሱ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣባቸውም አሉ፤ ለጋራ መገልገያ የተሠራው ኮሚዩናል ቤት ክፍት ሆኖ ቢያገለግል ይህ በከፊል ይቀንስ ነበር።

የተሻሻለ ምድጃ ማከፋፈል ብቻውን እንደ መፍትሔ እንዳይወሰድ ለማሳሰብ እወዳለሁ። ላቀችና ምርጥ የሚባሉት ምድጃዎች እንጨትና ከሰል በመቆጠብ ብዙ ቤተሰብ የጠቀሙ መሆናቸውን አልክድም፤ የእኛም ፈርኔሎ በላቀች ተተክቷል። ነገር ግን ማገዶ መቆጠብና ሳንባን መጠበቅ አንድ አይደሉም። በጓቲማላ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በተሠራላቸው ቤቶች የሕፃናት ከባድ የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በማላዊ ግን ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተና ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጭሱን ቀንሶ የሚያነድ ምድጃ ማግኘታቸው የሳንባ ምችን እንዳልቀነሰላቸው አሳይቷል። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ሕፃናቱ ከምድጃው ሌላ ከሚቃጠል ቆሻሻና ከትምባሆ የሚወጣውን ጭስ መተንፈሳቸው ነው። ለእኛ ግቢ ይህ የተለየ ትርጉም አለው፤ እኔ እሳቴን ባሻሽል የጎረቤቴ ጭስ በጣውላው ክፍተት ይገባልና። ስለዚህ መታሰብ ያለበት ግቢው በሙሉ እንጂ አንድ ቤት ብቻ አይደለም።

በግቢያችን እንጀራ ጋግረው ለሱቆች በማስረከብ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ እትዬ አሉ። የሚጋግሩት በሳጋቱራና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል። አንዳንድ ነዋሪዎች ለወረዳው ከሰን እናስቁማቸው ብለው ነበር። እኔ አልተስማማሁም፤ እሳቸው ቢቆሙ ልጆቻቸው የሚበሉት አይኖርምና። የሚያስፈልጋቸው ምጣዱን የሚችል መስመርና የራሳቸው ቆጣሪ ነው። በሕፃናት ጤና ስም የሚወሰድ ማንኛውም እርምጃ እንደ እሳቸው ያሉትን ሴቶች ገቢ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።

ሕጉ በዚህ ረገድ ክፍተት ያለበት አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሰው በሚሰበሰብባቸው ዝግ ቦታዎች ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል። የቤት ውስጥ ማብሰያ በክልከላ የሚፈታ ባይሆንም፣ በዝግ ክፍል ውስጥ ያለ ጭስ ሰውን እንደሚጎዳ መንግሥት አስቀድሞ የተቀበለው ጉዳይ ነው።

ልጄ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በሳንባ ምች አልታመመም። ይህ የሆነው ከሰሉን ደጅ ስላወጣነው ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ልጅ ሲያድግም ይጠነክራል። የማስተምራቸው ልጆች ግን በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ልብሳቸው ጭስ ጭስ እየሸተተ ይመጣሉ፤ ከሃያ አራቱ ሰባት ስምንቱ ሲያስሉ ይውላሉ፤ ሁለቱ ደረታቸው ሲያፏጭ እሰማለሁ። ወላጆቻቸውን በምን እንደሚያበስሉ መጠየቅ ጀምሬያለሁ፤ መልሳቸውንም በአንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

የግቢያችን ሰባት አባወራዎች ይህ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ተሰብስበን ተወያይተናል። ቢሮው ጥያቄውን በጥቂት ጤና ጣቢያዎች መሞከር ቢፈልግ፣ ወይም በቤቶቻችን ውስጥ የአየር መለኪያ ማስቀመጥ ቢያስፈልገው በራችን ክፍት ነው። የቀድሞው ማዕድ ቤት ነዋሪዎች ምትክ ቤት ቢያገኙ ክፍሉን መልሰን የጋራ ማዕድ ቤት ለማድረግ፣ የሰው ጉልበቱን ራሳችን ለመሸፈንና የጋራ ምጣዱን ሂሳብ በተራ ለመክፈል ተስማምተናል። ከእናንተ የምንጠብቀው ከቤቶችና ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኘንን ደብዳቤ ነው፤ ከመጪው ክረምት በፊት ብናገኘው ደስ ይለናል፤ በግቢው ውስጥ አሁን ያረገዘች አንዲት ጎረቤታችን በሐምሌ ትወልዳለችና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናትና የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አዲስ አበባ